ያልተንቀጠቀጠው አውቶሞቢል

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ራስ መኮንን ድልድይ አፍ ላይ ሰው ሞተ ተባለ። የአራዳ ዘበኛ መርማሪው ባሻ እምሩ በበቅሎው ደርሶ "ገለል በሉ! ምን ትግተለተላላችሁ!" እስኪል ድረስ የእሪ በከንቱ ሰው ነቅሎ ወጥቶ፣ ከአራዳ ገበያም እግር ያለው ሁሉ ወርዶ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ይህ ከተማ ሬሳ ለማየት ሲሆን ማን ብሎት!

ሟቹ አቶ ገብረክርስቶስ ናቸው፤ የአፍንጮ በሩ ቆዳ ነጋዴ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ደግ ሽማግሌ። ራሳቸው ከድልድዩ ጥግ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ እዚያው ቀርተዋል። ጥቁሩ አውቶሞቢላቸው ከእሳቸው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ መንገድ ዳር ካለው የአፈር ቁልል ውስጥ አፍንጫውን ቀብሮ ውሃ ያንጠባጥባል።

ባሻ እምሩ አውቶሞቢሉን ራቅ ብሎ ዞረው። ቀረብ ብሎ አይደለም፣ ራቅ ብሎ። ይህ ሰው ሽፍታ አይፈራም፤ ጨለማ አይፈራም፤ ሃያ ዓመት ጠመንጃ ተሸክሞ ኖሯል። አውቶሞቢል ግን ይፈራል። አንድ ቀን እንኳ ተሳፍሮበት አያውቅም። ይህንን የሚያውቁት ሚስቱና በቅሎው ብቻ ናቸው።

"ሾፌሩ የት አለ?" አለ።

"ያውልህ" አሉት።

ሾፌሩ ሐድጉ ከኋላው ጎማ ሥር ተቀምጦ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣብቋል። ከአድዋ በኩል የመጣ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ዓይኑን ከሬሳው ላይ አልነቀለም።

በዚህ መሐል አንድ ሰው ከበቅሎ ዘሎ ወርዶ ሬሳው ላይ ተደፋ። የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ አቶ እሸቴ ነው። ደረቱን ደቃ፣ አፈር በተነ፣ ከዚያ ጣቱን ወደ ሐድጉ ቀሰረ።

"ይኼ ነው የገደለው! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ከኋላቸው በበቅሎዬ እወርድ ነበር። ያ ጉደኛ ብረት እንደ ልማዱ፣ እንደ ወባ በሽተኛ እየተንቀጠቀጠ ሲወርድ፣ ይኼ ከሐዲ ወንድሜን ጥሎ ዘሎ ወረደ!"

"እውነታቸውን ነው" አለ ከሕዝቡ አንዱ። "ያ አውቶሞቢል ፍሬን በያዘ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ስንስቅበት ከርመን የለም እንዴ?"

"መሠራት ነበረበት!" አለች አንዲት ሴት።

"ይኼ ሾፌር አላሠራውም!" አለ እሸቴ። "ስንቴ ነገርኩት! እኔማ የበቅሎ ሰው ነኝ፤ ወደዚያ ብረት ቀርቤም አላውቅ።"

ባሻ እምሩ ሁሉንም ሰማ። ሐድጉን አስነስቶ ይዞት ሄደ።

አቶ ገብረክርስቶስ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ተቀበሩ። እሸቴ ከመቃብሩ ቀጥ ብሎ ወደ አራዳ ዘበኛ መጣና ቁራኛ ጠየቀ። በዚያ ዘመን ሕጉ እንዲህ ነበር፦ የከሳሽ ኩታ ጫፍ ከተከሳሽ ኩታ ጫፍ ጋር ይቋጠራል። ዳኛ እስኪፈርድ ድረስ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ደጅም አብረው ይወጣሉ። ቋጠሮውን ተከሳሽ ከፈታው አመነ ማለት ነው። ከሳሽ ከፈታው ደግሞ ክሱን ተወ፤ ተከሳሹ ነጻ ወጣ።

"የደም ካሳ አልፈልግም" አለ እሸቴ ቋጠሮውን እያጠበቀ። "ማክሰኞ ችሎት ላይ ደሙን ነው የምጠይቀው።"

ሐድጉ ያኔ አንገቱን ደፋ። በበሩ በኩል ሚስቱ ብርኽቲ የሰባት ወር እርጉዝ ሆዷን ይዛ ቆማ ታያለች። የሟች ወንድም "በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ ከማለ፣ ሰው የገደለ ሾፌር ምን እንደሚጠብቀው ለእሷም ነጋሪ አላስፈለጋትም።

ባሻ እምሩ ሁለቱን ፊቱ አስቀመጠ። ቁራኛ ለመርማሪ አይመችም፤ ለአንዱ የተናገርከውን ሌላውም ይሰማል። ቢሆንም ጠየቀ።

"ተናገር እንጂ። ምን ሆነ?"

"ፍሬኑን ስረግጠው ባዶ ሆነ፣ ባሻ።"

"ባዶ ማለት?"

"እግሬ ወለሉን ነካ። የእጁን ፍሬን ሳብኩ፤ እሱም ባዶ። ሁለቱንም የምትጎትተው አንዲት ዘንግ ናት። ድልድዩ ላይ አህያና ሰው ሞልቷል። ከሰው ከምገባ ብዬ ወደ አፈሩ መለስኩት። ጌታዬ ከበሩ ተፈናጥረው…"

"ሲወርድ ይንቀጠቀጥ ነበር?"

"አልተንቀጠቀጠም።"

"ዓይንህን በጨው ታጥበህ!" ብሎ ጮኸ እሸቴ። "ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን?"

"ሐሙስ ተሠርቷል፣ ጋሼ እሸቴ" አለ ሐድጉ ቀስ ብሎ። "እርስዎ ጉለሌ ለቅሶ በሄዱ ቀን። ጌታዬ 'ቅዳሜ ትልቅ ጉዳይ አለኝ፣ እየተንቀጠቀጥኩ አልሄድም' ብለውኝ አራዳ መካኒኩ ሰላሀዲን ጋ ወሰድኩት። ድኖ ነው የተመለሰው።"

እሸቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ባሻ እምሩ ግን አፍታዋን አላሳለፋትም።

"እንግዲያ ሰላሀዲን የሚሉት ነው ያበላሸው!" አለ እሸቴ ትንፋሹን ሰብስቦ። "ሁለቱም ይጠየቁ!"

"ይጠየቃሉ" አለ ባሻ። "ሐድጉ፣ እስቲ ሸሚዝህን ክፈት።"

በሐድጉ ደረት ላይ፣ ከአንዱ ጎድን እስከ ሌላው፣ የበለዘ ቀለበት ተጋድሟል። ባሻ በጣቱ ተከተለው፤ የአውቶሞቢሉ መሪ የሚያህል ቅስት ነው። ከዚያ መዳፉን ገልብጦ አየ፤ ጉልበቱንም አየ። አንዲት ጭረት የለችም። ከሚበር ነገር ላይ ዘሎ የወረደ ሰው መዳፉም ጉልበቱም ሳይላጥ እንዴት ይሆናል? ይህ ሰው እስከ መጨረሻው መሪውን እንደ ያዘ ነበር። ባሻ ይህንን በልቡ ያዘና "ሸሚዝህን ዝጋ፣ ይበርድሃል" አለው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባሻ እምሩ በእግሩ ከአፍንጮ በር ወደ ድልድዩ ቁልቁል ወረደ። መንገዱ መጀመሪያ ሜዳ ነው፤ ከዚያ ይዘቀዝቃል። መዝቀዝቀዝ ከሚጀምርበት ላይ ጨውና ላምባ የሚሸጠው የኡመር ሱቅ አለ። ኡመር የስኳር ድንጋይ እየሰበረ ነበር።

"አየሁ እንጂ ባሻ፣ እንዴት አላይም! በደጄ አይደል ያለፈው? ሐድጉ 'ዘወር በሉ' እያለ ይጮሃል። አውቶሞቢሉ ግን ፀጥ ብሎ ነው የነጎደው።"

"ይንቀጠቀጥ ነበር?"

"ምን ሲደረግ! ሌላ ጊዜ እዚህ ጋ ፍሬን ሲይዝ የኔ ሚዛን እንኳ ይንጫጫ ነበር። ቅዳሜ ዝም። ይልቅ ያ ዝምታው ነው ያስደነገጠኝ።"

"ከኋላው በበቅሎ የሚወርድ ሰው አላየህም?"

ኡመር ጢሙን አሸ። "አቶ እሸቴን ነው? እሳቸውማ ያለፉት ጩኸቱ ከተሰማ፣ ሕዝቡም ከተሰበሰበ በኋላ ነው። 'ምን ተፈጠረ' ብለውም አልጠየቁኝ።"

ባሻ የኡመርን እጅ እያየ ቆየ። ስኳሩን የሚሰብርባት ነገር የጣት ውፍረት ያላት የብረት ችንካር ናት፤ ጫፏ ላይ ቀዳዳ አላት።

"ይህችን ከየት አመጣሃት?"

"እሷን? አውቶሞቢሉ ሲያልፍ ከሆዱ ቅጭል ብላ ወደቀች። ለስኳር ትመቻለች ብዬ…" ኡመር የባሻን ፊት ሲያይ ችንካሯን ጠራርጎ ሰጠው። "ውሰዳት፣ ውሰዳት፤ እኔ ነገር አልፈልግም።"

የሰላሀዲን የጥገና ቤት ከአራዳ ገበያ ኋላ ነው። ሰላሀዲን ድሬዳዋ የባቡር ጥገና ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት ብረት ሲቆርጥ የኖረ፣ ንግግሩ እንደ መዶሻው አጭር የሆነ ሰው ነው። የተሰበረውን አውቶሞቢል በበቅሎ አስጎትተው እሱ ግቢ አስገብተውታል።

"አውቶሞቢሉን አንተ ነህ የነካኸው" አለው ባሻ። "ከሳሹም አንተን ይላል። ምን እንዳደረግህ አንድ በአንድ ንገረኝ፤ እኔ የበቅሎ ሰው ነኝ፣ እንዲገባኝ አድርገህ።"

ሰላሀዲን እጁን በጨርቅ ጠረገ። "መጀመሪያ ጎማ ነው ብዬ ጎማውን አየሁ፤ ደህና ነው። ብሎኖቹን አጠበቅሁ፤ ያው ነው። ከዚያ ራሴ ነዳሁት። ዝም ብሎ ሲሄድ አይንቀጠቀጥም፤ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። ፔዳሉም የእግሬን መዳፍ መልሶ መልሶ ይመታዋል። ያኔ ታምቡሩ ነው አልኩ።"

"ታምቡር?"

ሰላሀዲን የብረት ድስት የመሰለ ነገር አነሳ። "ይኼ ከጎማው ጋር ይዞራል። ፍሬን ስትረግጥ ከውስጥ ሸራ ይጫነውና ያቆመዋል። ክብ መሆን አለበት። የእሳቸው ሞላላ ሆኖ ነበር፤ ሲዞር አንዴ ይጠብቃል፣ አንዴ ይላላል። መንቀጥቀጡ እሱ ነው። ቶርኖ ላይ፣ ብረት መላጫው ላይ፣ አስገብቼ ላጥኩት፣ ክብ ሆነ፣ ዳነ።"

"ምን ሞላላ አደረገው?"

"ውሃ!" ሰላሀዲን ይህንን ሲል በእውነት ተናደደ። "በየእሑዱ እንጦጦ ማርያም ይሄዳሉ አሉ። ከዚያ ቁልቁለት ሲወርድ ታምቡሩ እስኪጨስ ይግላል። ቤት ሲገባ አንድ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ይቸልስበታል። የጋለ ብረት ላይ ውሃ ስትቸልስ ይጣመማል እንጂ ምን ይሆናል!"

"ያ መንቀጥቀጥ ነው አቶ ገብረክርስቶስን የገደለው?"

"ስማኝ ባሻ። የሚንቀጠቀጥ ፍሬን ይይዛል። ስለያዘ ነው የሚንቀጠቀጠው። የገደላቸው ያልያዘ ፍሬን ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው።"

ባሻ እምሩ ችንካሯን ከኪሱ አወጣ። ሰላሀዲን ሲያያት ፊቱ ጠቆረ። አውቶሞቢሉ ሥር ገባ፤ ባሻም በማርያም ብሎ ተከትሎት ገባ። ሰላሀዲን የተንጠለጠለች ዘንግ አሳየው። ከፔዳሉ ጋር የምታያይዛት ችንካር የለችም፤ ቀዳዳው ግን ንጹሕ ነው።

"እዚህ ነበረች" አለ ሰላሀዲን። "እንዳትወጣ ጫፏ ላይ ሽቦ አለ። አሮጌው ዝጎ ነበርና ሐሙስ ዕለት አዲስ ቀይ የመዳብ ሽቦ አስገባሁላት። ሁለት ዙር አዙሬ ጫፏን ወደ ውስጥ አጥፌ ደበቅኋት። የኔ አሠራር ነው።"

"ረስተኸውስ ቢሆን?"

"ባሻ! ከረሳሁት አንገቴን!"

"አንገትህን ተወው፤ የሚፈለገው የሐድጉ ነው። ተበጥሳ ወድቃስ ቢሆን?"

"ብትበጠስ ግማሿ እዚህ ትቀራለች። ሰው ነው ያወጣት። ሽቦዋ ስትወጣ ችንካሯ ሜዳ ሜዳውን ትቆያለች፤ መንገዱ ሲያንገላታት ትወድቃለች።"

ባሻ እምሩ ከአውቶሞቢሉ ሥር ወጥቶ አቧራውን አራገፈና ችንካሯን መልሶ ኪሱ ከተተ።

አፍንጮ በር፣ በሟቹ ግቢ፣ ለቀስተኛው በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺዓለም ጥቁር ለብሰው ለብቻቸው ከግንብ ተደግፈዋል። ባሻ አጎንብሶ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አለ። የመጀመሪያ ቃላቸው የሚገርም ሆነበት።

"ሐድጉ እህል ቀመሰ?"

"ሚስቱ ታመጣለታለች፣ እመቤቴ። እርስዎ እንደ ወንድማቸው አይከሱትም?"

"እኔ በማን ላይ ላልቅስ ባሻ? አንዱን ቀብሬ መጣሁ፤ አንዱ ታስሯል።"

"አቶ ገብረክርስቶስ ቅዳሜ ወዴት ነበር የሚሄዱት?"

"ወደ ጊዮርጊስ፤ ወደ ነፍስ አባታችን።"

"ለምን ጉዳይ?"

ወይዘሮ የሺዓለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። "ሥርዓቱ ሳይፈጸም ከሥጋ ዘመድ ውጪ እንዳይወራ ቃል አስገብተውኛል። በሞቱ ማግሥት ቃላቸውን እንዴት ላፍርስ?"

"የሥጋ ዘመድ ማን አለ?"

"ያለን እሸቴ ብቻ ነው።"

"ለመሆኑ ከእንጦጦ ስትመለሱ የአውቶሞቢሉን ጎማ በውሃ የሚያጥበው ማን ነበር?"

"እሸቴ ነዋ። ዕድሜውን የበቅሎ እግር ሲያጥብ የኖረ ሰው፣ 'ከመንገድ የገባ ሁሉ እግሩ ይታጠባል' ይላል። ቅዳሜም ጠዋት ከሥሩ ገብቶ ሲያጥብ ነበር።"

"ቅዳሜ ጠዋት አውቶሞቢሉ ከየት መጥቶ ነበር?"

"ከየትም። እዚሁ ያደረ ነው።" ወይዘሮዋ ይህን ካሉ በኋላ ባሻን ትኩር ብለው አዩት፤ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ተለወጠ።

ባሻ እምሩ ወደ በቅሎ ጋጣው አለፈ። እዚያ ማንም አልከለከለውም፤ በቅሎ ያውቃል፣ በቅሎም ታውቀዋለች። ከግድግዳው የተሰቀለውን የእሸቴን ልጓም አውርዶ ደባበሰ፣ አገላበጠ፣ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየ። ከዚያ ልጓሙን ከኩታው ሥር አድርጎ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሰላሀዲን ጋ ተመልሶ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ሰላሀዲን ፊቱን አጨማደደ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብርኽቲን በር ላይ አግኝቶ ሁለት ቃል ሹክ አላት። ብርኽቲ ምሳውን ይዛ ገባች፤ ለባሏ በትግርኛ ጥቂት ተናግራ እንባዋን ጠረገች።

"ምን አለችው?" አለ እሸቴ።

"ብላ፣ በርታ ነው የምትለው" አለ ባሻ። ሐድጉ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ።

ማክሰኞ ጠዋት አውቶሞቢሉ አፍንጮ በር፣ ከሟቹ በር ላይ ቆሟል። አፍንጫው ተቃንቷል፣ ጎማው ተለውጧል። ባሻ እምሩ ከሳሽና ተከሳሹን በቁራኛቸው አምጥቶ ከፊቱ አቆማቸው።

"ሰላሀዲን ሁለት ቀን መረመረው" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "የተሰበረውን አቃንቷል። ፍሬኑን ግን አልነካውም፤ ጉድለት የለበትም፣ እንዳለ ነው ብሏል። እንግዲህ ሐድጉ ፍሬኑ ባዶ ሆነ ያለው ውሸት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ችሎት የምንወርደው በዚሁ አውቶሞቢል፣ በዚያው ቁልቁለት ነው። ፍሬኑ ከያዘ ሐድጉ አለቀለት፤ አቶ እሸቴ፣ እርስዎ አሸነፉ።"

እሸቴ ወደ በቅሎ ጋጣው ዞረ። "ደግ። እኔ በበቅሎዬ እከተላችኋለሁ።"

"ቁራኛውስ?"

"ለጊዜው ይፈታና…"

"ከፈቱት ክሱን ተዉት። ሐድጉ አሁኑኑ ወደ ሚስቱ ይሄዳል። ይፍቱት?"

እሸቴ ቋጠሮውን አየ፤ አውቶሞቢሉን አየ። ሕዝቡ ሁሉ እሱን ያያል። "አልፈታም" አለ።

"እንግዲያ ይግቡ።"

ሐድጉ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ እሸቴ ከጎኑ። ወይዘሮ የሺዓለም ከበሩ ወጥተው "እኔም እሄዳለሁ፤ ባሌ በተቀመጡበት እቀመጣለሁ" አሉ። በነጠላቸው ሥር አንድ ነገር አቅፈዋል። ባሻ እምሩም ከአጠገባቸው ገብቶ በሩን በሁለት እጁ ጨመደደው። ሰላሀዲን ከፊት ያለውን ብረት አዙሮ ሞተሩን አስነሳው።

ሜዳውን ሄዱ። የእሸቴ ግንባር ላብ አወጣ።

"ቀስ በል" አለ።

"ቀስ ብዬ ነው ጋሼ" አለ ሐድጉ።

መንገዱ መዝቀዝቀዝ ጀመረ። አውቶሞቢሉ ሳይገፉት መፍጠን ያዘ። ባሻ እምሩ ዓይኑን ጨፍኖ አባታችን ሆይን ጀመረ፤ መሐል ላይ ጠፋበትና እንደገና ጀመረ። የኡመር ሱቅ ብቅ አለች።

"አቁም!" አለ እሸቴ።

"ገና ነው" አለ ባሻ። "ፍሬኑን የምንሞክረው አቶ ገብረክርስቶስ የሞቱበት ጋ ነው።"

"አቁመው እላለሁ! የሺዓለም፣ ውረጂ! አይይዝም!"

"በምን አወቁ?"

"አይይዝም! ሽቦዋ የለችም፣ ችንካሯ ወድቃለች! እኔ ነኝ ያወጣኋት! ስለ እመብርሃን፣ አቁመው፣ ልናልቅ ነው!"

"ሐድጉ፣ ያዝ" አለ ባሻ።

ሐድጉ ፍሬኑን ረገጠ። አውቶሞቢሉ ሳይንገጫገጭ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ቀስ ብሎ ከኡመር ሱቅ ደጅ ላይ ቆመ። የኡመር ሚዛን እንኳ አልተነቃነቀም።

ባሻ እምሩ ዓይኑን ገለጠ፣ ሁሉም በሕይወት እንዳሉ አየ፣ ላቡን ጠረገ። ከዚያ ልጓሙን ከኩታው ሥር አውጥቶ የእሸቴ ጭን ላይ ጣለው። ልጓሙ የተበጠሰበት ቦታ ላይ በቀይ የመዳብ ሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው ላይ የቀድሞ ሁለት ዙሩ እጥፋት እስካሁን ይታያል።

"ጥሩ ሽቦ መጣል አላስቻለዎትም" አለው። "ይህን እሑድ አግኝቼዋለሁ። 'ወድቆ አገኘሁት' ቢሉኝ ግን ምን እላለሁ? እኔ ስለ ሽቦና ስለ ችንካር ለሰላሀዲን ብቻ ነው ያወራሁት። እርስዎ ከየት ሰሙ? ፍሬኑንም ሰላሀዲን ትናንት ሠርቶታል። ብርኽቲም ለባሏ በትግርኛ ያለችው 'አትፍራ፣ ተሠርቷል' ነው። ለዋሸሁት ውሸት ንስሐ እገባለሁ።"

እሸቴ አንገቱን ሰበረ። "ይንቀጠቀጥ ስለነበር…" አለ ለራሱ እንደሚያወራ። "በመንቀጥቀጡ ወለቀች ይባላል ብዬ…"

"ያንቀጠቀጠውም የእርስዎ ባልዲ ነው። ያሠሩትም ሟቹ ናቸው፤ ለእርስዎ ሳይነግሩ።"

"ለምን?" አለ ሐድጉ። "ጋሼ እሸቴ፣ ወንድምዎን ለምን?"

የመለሱለት ወይዘሮ የሺዓለም ናቸው።

"በአንተ ምክንያት ነው ልጄ።" አቅፈውት የመጡትን ፈቱ፤ ትንሽ የማር ቅል ነው። "እኛ ልጅ አልወለድንም። ቅዳሜ በነፍስ አባታችን ፊት ጣታቸውን ማር ነክረው እንደ ጡት ሊያጠቡህ፣ የጡት ልጃቸው ሊያደርጉህ ነበር። ድንገት ሊያስደስቱህ ብለው ለአንተም አልነገሩህም። የሥጋ ዘመድ ሳያውቅ አይሆንምና ለእሸቴ ብቻ ነገርነው። ርስቱ ለእሱ ይቀር የነበረ… እኔ ነኝ የነገርኩት፣ በገዛ አፌ! ዛሬ ማሩን የያዝኩት ችሎት ፊት ቃሌን ላፈርስ፣ 'ይህ ልጅ አባቱን አይገድልም' ልል ነበር።"

ሐድጉ መሪውን እንደ ያዘ ራሱን ደፋው። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሦስት ቀን የያዘው ልቅሶ ያኔ ወጣ። ኡመርና ጎረቤቶቹ በአውቶሞቢሉ ዙሪያ ተሰብስበው ቆመዋል፤ አንድም የሚስቅ የለም።

ባሻ እምሩ ከኋላ ተንጠራርቶ ቋጠሮውን ያዘ። "በል እንግዲህ ይፈታ፤ ነጻ ነህ።"

"አይፈታ!" አሉ ወይዘሮ የሺዓለም።

"እንዴት እመቤቴ?"

"የባሌን ደም ችሎት ላይ የሚጠይቅ ማን ነው? የሟች ልጅ አይደለም?"

"ሥርዓቱ አልተፈጸመም እኮ።"

"ይፈጸማላ። ምስክር ሞልቷል።" አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው ወደ ፊት ዘረጉ። "ና ልጄ።"

ሐድጉ ዞረ። በእንባ የራሰ ፊቱን ይዞ ጣታቸውን ጠባ። ባሻ እምሩ ቆቡን አወለቀ፤ ኡመርም "አይቻለሁ፣ ምስክር ነኝ" አለ።

ከዚያ ወደ ችሎት ጉዞ ቀጠሉ። ሐድጉ ድልድዩ አፍ ሲደርስ አውቶሞቢሉን አቆመና ወረደ፤ ኩታው ከኩታው እንደ ተቋጠረ ነውና እሸቴም ተጎትቶ ወረደ። ሐድጉ ደም ከነካው ድንጋይ ሥር ተንበርክኮ "አባቴ" አለ፤ በሕይወታቸው ሳሉ አንድ ቀን ያላላቸውን። ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ቋጠሮው ሳበው፤ እሸቴም ከጎኑ ተንበረከከ።